የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?

(የመግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ዛሬ የምናወራው ከማህፀን ውጪ ስለሚፈጠር እርግዝና ነው። ሐኪሞች “ኤክቶፒክ” ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። “የሴቶች ጉዳይ ነው” ብላችሁ ጣቢያ ልትቀይሩ የተነሳችሁ ወንዶች ካላችሁ እባካችሁ ቆዩ። ይህ ሕመም ሲጠና ሴትየዋ ራሷን ስታ ልትወድቅ ትችላለች። ያን ጊዜ መኪና የሚፈልግላት፣ ምን እንደሆነች ለባለሙያው የሚናገርላት፣ ደም የሚሰጥላት እናንተ ናችሁ።

ከመነሻው እንያዘው። ማህፀን በግራና በቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። የእያንዳንዱ ርዝመት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር ማህፀን ውስጥ የሚገናኙ ይመስለናል እንጂ የሚገናኙት እዚህ ቱቦ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሞላ ጎደል ሁላችንም የሕይወታችንን የመጀመሪያ ቀናት ያሳለፍነው በእናታችን ቱቦ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በቱቦው ውስጠኛ ገጽ ላይ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች እየገፉ፣ ጡንቻውም እየተኮማተረ፣ ጽንሱን ወደ ማህፀን ያደርሱታል። ጉዞው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ቀን ላይ ጽንሱ ያለበት ቦታ የትም ይሁን የት መጣበቅ ይጀምራል። ማህፀን ደርሶ ከሆነ እሰየው። መንገድ ላይ ተይዞ ከሆነ ግን እዚያው ይቀራል።

ከማህፀን ውጪ ከሚፈጠሩ 100 እርግዝናዎች ከ90 የሚበልጡት በዚህ መንገድ ቱቦ ውስጥ የቀሩ ናቸው። የቀሩት ጥቂቶች እንቁላል የሚመረትበት ክፍል ላይ፣ የማህፀን አንገት ላይ፣ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና በወለደች ሴት ጠባሳ ላይ፣ አልፎ አልፎም ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገኛሉ። በጥቅሉ ከ100 እርግዝና አንዱ ወይም ሁለቱ ከማህፀን ውጪ ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ በአንድ ወረዳ በዓመት ሦስት ሺህ ሴቶች ቢያረግዙ ከ30 እስከ 60 የሚሆኑት ሊያጋጥማቸው ይችላል። ማህፀን ጽንሱ ባደገ ቁጥር እየተለጠጠ ይሄዳል፤ ቱቦው ግን ይህ ችሎታ የለውም። ብዙውን ጊዜ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሕመሙ ይጀምራል፤ ቱቦው ከፈነዳም ደም ወደ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል። የሚፈስሰው ወደ ውስጥ ስለሆነ ከውጪ የሚታየው ደም ጥቂት ጠብታ ሊሆን ይችላል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው።

ለምን ይመጣል? ቱቦውን የጎዳ ማንኛውም ነገር መንገዱን ያጠብበዋል። በመጀመሪያ የሚነሱት እንደ ክላሚዲያና ጨብጥ ያሉ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ቱቦውን ጠባሳ አድርጎት ያልፋል። ቀደም ሲል በቱቦው ወይም በአካባቢው የተሠራ ቀዶ ሕክምና፣ ትርፍ አንጀት ፈንድቶ መግል የቋጠረበት ጊዜ፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ዕድሜ ከ35 ማለፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት እርግዝና መኖሩ አጋጣሚውን ይጨምራሉ። ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው መከላከያ፣ ስለ ሉፕ፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ላብራራው። ሉፕ እርግዝናን በጣም ስለሚከላከል ሉፕ ያላት ሴት ከማህፀን ውጪ የማርገዝ ዕድሏ ምንም መከላከያ ከማትጠቀመው ያነሰ ነው። ሆኖም ሉፕ እያላት ካረገዘች እርግዝናው ከማህፀን ውጪ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለባት።

ይህን ሁሉ ከዘረዘርኩ በኋላ አንድ ነገር ማከል አለብኝ። ይህ ከሚደርስባቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ከነዚህ ምክንያቶች አንዱም የለባቸውም። ስለዚህ “ምን አድርጋ ነው?” እያሉ ወደ ኋላ መቆፈር በአብዛኛው የሚያተርፈው የሴትየዋን ኀዘን ማባባስ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ጤና ጣቢያ የሄደች ሴት ሁሉ የምትጠየቃት ጥያቄ አለች። “የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?” በዚህ ሕመም ከመሣሪያ ሁሉ የምትቀድመው ይህች ጥያቄ ናት ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተውም እዚህችው ጥያቄ ላይ ነው።

አንደኛው ስሕተት ከራሱ ከደሙ ይመጣል። ከማህፀን ውጪ ያረገዘች ሴት ማህፀኗ ባዶ ቢሆንም ሊደማ ይችላል። የወር አበባዋ አሥር ቀን ዘግይቶባት ስትጨነቅ የሰነበተች ሴት ደም ስታይ “ተመስገን፣ መጣ” ትላለች። ከሳምንት በኋላ ሆዷን አሟት ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ “የወር አበባሽ መቼ ነበር?” ሲሏት “ባለፈው ሳምንት” ትላለች። አልዋሸችም። ካርዱ ላይ ግን “እርጉዝ አይደለችም” ተብሎ ያልፋል። ስለዚህ ጠያቂው አንድ እርምጃ ወደፊት ይሂድ። ደሙ የመጣው በቀኑ ነበር? መጠኑ እንደ ወትሮው ነው? ጠቆር ያለ፣ ቡናማ፣ ብቅ ጥልቅ የሚል ነበር? እናንተም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ሁለተኛው ዕፍረት ነው። ያላገባች ልጅ እናቷ አጠገቧ ቆማ “ከወንድ ጋር ግንኙነት አለሽ?” ብትባል ምን ትመልሳለች? የምትመልሰውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የጤና ባለሙያዎች እያዳመጣችሁ ከሆነ፣ “እናት፣ አንድ ጊዜ ውጪ ይጠብቁን” ማለት ነውር የለበትም። እርግዝናን የሚያሳየው የሽንት ምርመራ ደግሞ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው፤ ማንንም አይኮንንም። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሁሉ ሆዷን አሞኛል ካለች ያገባችም ያላገባችም፣ መከላከያ የምትወስድም የማትወስድም፣ ልትመረመር ይገባል።

ሦስተኛው ስሕተት ጥያቄው ጭራሽ ሳይነሳ ሲቀር ነው። ሆድ ታመመ ሲባል ጨጓራ፣ አሜባ፣ ታይፎይድ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይባላል። ለሁሉም መድኃኒት አለ፤ መደብሩም ቅርብ ነው። ሴትየዋ እንክብሉን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ሕመሙም ከእርሷ ጋር።

የመድኃኒት መደብር ነገር ከተነሳ ዝም ብዬ የማላልፈው ጉዳይ አለ። እርግዝና ለማቋረጥ የሚዋጡ እንክብሎች ከማህፀን ውጪ ላለ እርግዝና አይሠሩም። እንክብሉ ማህፀንን ያኮማትራል፣ የማህፀኑን ሽፋን ያራግፋል፤ ደም ይመጣል። ልጅቷም “አለቀ” ብላ ትተኛለች። ቱቦ ውስጥ ያለው ግን እያደገ ነው። ምርመራ ሳታደርጉ እንክብል የወሰዳችሁ፣ ከዚያ በኋላ ሆዳችሁ በአንድ በኩል የሚወጋችሁ፣ ወይም የደሙ መጠን ከተነገራችሁ በጣም ያነሰ ከሆነባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ የወሰዳችሁትንም ሳትደብቁ ንገሩት። ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠውን መከላከያ፣ ፖስት ፒልን፣ የወሰዳችሁም “ወስጃለሁና እርጉዝ ልሆን አልችልም” አትበሉ። የወር አበባችሁ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ ተመርመሩ።

አሁን ወደ ምልክቶቹ። ሦስቱ የታወቁት የወር አበባ መቅረት ወይም መዛባት፣ ከእምብርት በታች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል የሚሰማ ሕመም፣ እና ትንሽ ደም ናቸው። ሦስቱም አንድ ላይ ላይገኙ ይችላሉ። ሰው የማይጠረጥረው የትከሻ ሕመም ነው። ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ወደ ላይ ወጥቶ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ሲነካ፣ እዚያ ያለው ነርቭ መነሻው ከትከሻው ስሜት ጋር አንድ ስለሆነ ሕመሙ ትከሻ ጫፍ ላይ ይሰማል። ሴትየዋ “ትከሻዬን ወጋኝ” ስትል “ብርድ ነው” ተብሎ ቅባት ይፈለጋል፤ ወጌሻም ይጠራል። የወር አበባዋ የተዛባ ሴት ትከሻዋን ወጋኝ ካለችና ሆዷንም ካመማት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ሌላው ምልክት ሰገራ የመጣ የመሰለ ስሜት ነው። ደሙ ከታች ተጠራቅሞ ትልቁን አንጀት ሲጫነው ሽንት ቤት ትመላለሳለች፤ እዚያው ራሷን ስታ የምትገኝበት ጊዜ አለ። ማዞር፣ ላብ ላብ ማለት፣ ፊት መገርጣት፣ ስትነሳ ዓይን መጨለም ከተጨመረበት ደም እየፈሰሰ ነው።

እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ? አስተኟት። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋት ስለሚችል ምግብም ውኃም አትስጧት። የሕመም ማስታገሻ ሰጥታችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ቶሎ ካልደረሰ የተገኘው መኪና ይሁን። ደም ለመስጠት የሚችሉ ሁለት ሦስት ሰዎች አብረዋት ይሂዱ። ስትደርሱ በር ላይ ላገኛችሁት ባለሙያ መጀመሪያ የምትናገሩት ዓረፍተ ነገር “የወር አበባዋ ቀርቶ ነበር፣ ሆዷን አሟታል፣ ራሷን ስታለች” የሚል ይሁን። ወረፋውን የሚያሳጥረው ይህ ነው።

በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችንም ይህን ዝግጅት እንደምታዳምጡ አውቃለሁ። ያለ ጋብቻ ማርገዝ በሕግ በሚያስጠይቅባቸው አገሮች ያላችሁ ሴቶች ሐኪም ቤት መሄድን ለምን እንደምትፈሩ ይገባኛል። ፍርሃታችሁን በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት አላጠፋላችሁም። ቢሆንም የፈነዳ ቱቦ በቤት ውስጥ በምንም አይድንም። ሳዑዲ ዓረቢያ ያላችሁ በ997፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ያላችሁ በ998 አምቡላንስ መጥራት ትችላላችሁ። ሆዴን በጣም አሞኛል፣ ራሴን ስቻለሁ ማለት ለመነሻ ይበቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

ድሮ ይህ ሕመም እንደ ሞት ፍርድ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ሎውሰን ቴይት የሚባል ቀዶ ሐኪም ቱቦዋ የፈነዳ ሴት ዘንድ ተጠራ። የጠራው ሐኪም “ሆዷን ከፍተህ ደሙን አስቁም” ቢለው አልደፈረም፤ ሴትየዋ ሞተች። ቴይት አስከሬኑን ሲመረምር የሚደማውን ቱቦ ማሰር ብቻ ሊያድናት ይችል እንደነበር ተረዳ። በ1883 ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ጀመረ፤ ከዚያም ሴቶች መዳን ጀመሩ። የዛሬውም ሕክምና በመሠረቱ ያው ነው፤ የሚደማውን ቱቦ ማሰርና ማውጣት። የተሻሻለው መሣሪያው፣ ማደንዘዣው፣ ደም መለገሱና ቀድሞ ማወቁ ነው።

በእኛም አገር ለዚህ ቀዶ ሕክምና የግድ ትልቅ ከተማ መድረስ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ሠልጥነው በየመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ ተሰማርተዋል። በምጥ የተያዘችን እናት በቀዶ ሕክምና ያዋልዳሉ፣ የፈነዳ ቱቦም ያስራሉ። በእኔ አስተያየት ከሚገባቸው ምስጋና ግማሹን እንኳ አላገኙም።

ቱቦው ሳይፈነዳ ከተደረሰበት ሐኪሙ አማራጭ አለው። በአልትራሳውንድ ማህፀኑ ባዶ ከሆነና በደም የሚለካው የእርግዝና ሆርሞን ከፍ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። አንዳንድ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ምንም ስለማይታይ ከሁለት ቀን በኋላ ሆርሞኑ እንደገና ይለካል። “ሳይገባቸው ነው የሚያመላልሱኝ” ብላችሁ እንዳትቀሩ፤ ለውጡ ራሱ ምርመራው ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ ሜቶትሬክሴት የሚባል መርፌ ነው። በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ስለሚያግድ እርግዝናው ይቆማል፤ ሰውነት ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ለሁሉም አይሆንም። ሴትየዋ የተረጋጋች፣ ቱቦው ያልፈነዳ፣ የጽንስ የልብ ምት ያልታየ፣ ሆርሞኑም ብዙ ያልናረ መሆን አለበት። በአራተኛውና በሰባተኛው ቀን ለምርመራ ደም ትሰጣለች፤ በሁለቱ መካከል ሆርሞኑ ቢያንስ 15 በመቶ መቀነስ አለበት። ከዚያ በየሳምንቱ እስኪጠፋ ድረስ ይለካል። እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። ቤቷ ከሆስፒታል የብዙ ሰዓት መንገድ የሆነች፣ ሌሊት መኪና የማታገኝ ሴት መርፌ ተወግታ ወደ ቤቷ ስትሸኝ ደስ አይለኝም። ሆርሞኑ እየቀነሰ እያለ እንኳ ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ያለች ሴት ሩቅ እንደምትኖር ሳትፈራ ትናገር፤ ወይ ሆስፒታሉ አጠገብ ዘመድ ቤት ትቆይ፣ ወይ ቀዶ ሕክምናው ይመረጥላት።

ሁለተኛው አማራጭ ቀዶ ሕክምና ነው። በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራባቸው ተቋማት አሉን፤ አብዛኛው ግን አሁንም ሆድ ተከፍቶ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ቱቦ ጤነኛ ከሆነ የተጎዳውን ማውጣቱ ወደፊት የመውለድ ዕድልን ብዙ እንደማይቀንስ በጥናት ታይቷል።

“ጽንሱን ወደ ማህፀን ማዛወር አይቻልም?” ብለው የሚጠይቁ ቤተሰቦች አሉ፤ ጥያቄያቸው ከፍቅር ነው። አይቻልም። ከተጣበቀበት ተነቅሎ ሌላ ቦታ የሚያድግበት ሕክምና በዓለም ላይ የለም። ቱቦ ውስጥ ያለ እርግዝና ልጅ ሆኖ አይወለድም፤ ከተተወ እናቲቱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። “ጽንስ አስወረድኩ፣ በደል ፈጸምኩ” ብላችሁ የምትብሰለሰሉ ካላችሁ ሐኪሙ ያደረገው የእናንተን ነፍስ ማትረፍ ነው። የአገራችንም ሕግ የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ሕክምናውን ይፈቅዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

ከሆስፒታል የወጣችሁበትን ቀን እናስብ። ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የወጣው የግራው ነው የቀኙ? ሌላኛው ቱቦ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል? የደም ዓይነቴ ምንድን ነው? መልሱ በጽሑፍ ይሰጣችሁ፤ ወረቀቱንም ከልጆች የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጡት። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ይጠይቃችኋል፤ ያን ጊዜ “አንዱ ወጥቷል፣ የቱ እንደሆነ አላውቅም” ማለት ለሐኪሙም ለእናንተም ያስቸግራል። የደም ዓይነታችሁ ኔጌቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ፀረ ዲ የሚባል መርፌ ሊያስፈልግ ስለሚችል እንዲነገራችሁ አድርጉ። መርፌው በየቦታው ላይገኝ ይችላል፤ ቤተሰብ ቶሎ ይፈልገው።

ደም ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በጥቂቱ ሊቀጥል ይችላል። አንዳንዴም ሥጋ የመሰለ ቁራጭ ይወጣል። ብዙ ሴት ይህን ስታይ “ልጄ ነው” ብላ ትደነግጣለች። የተራገፈው የማህፀን ሽፋን ነው። ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ የሚጨምር የሆድ ሕመም ወይም ማዞር ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ።

ሆዷ ተከፍቶ የታከመች ሴት ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አታንሳ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ውኃ ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው። እንጀራ መጋገር፣ ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ጎንበስ ቀና ማለት በዚህ ጊዜ የሌላ ሰው ሥራ ይሁን። በካሜራ የተሠራላት ቶሎ ትነሳለች፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይበቃታል። ሁለቱም ግን ከአልጋ ወርደው በቀን ጥቂት ጥቂት ይራመዱ፤ ሙሉ ቀን መተኛት ደም እግር ውስጥ እንዲረጋ ያደርጋል።

ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ደሟን ለመተካት ወራት ይፈጅባታል። ደረጃ ስትወጣ ቢደክማት፣ ልቧ ቢመታ “ሰነፈች” አትበሏት። የታዘዘላት የአይረን እንክብል ሰገራ ያጠቁራል፤ አያስፈራም። ቡናና ሻይ የአይረንን መመጠጥ ስለሚቀንሱ እንክብሉን ከቡና ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል አራርቃችሁ ውሰዱት፤ ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር ቢሆን ይመረጣል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ቀላል ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመን ብሉ። ጾም ላይ ከሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው መንገድ አለው። እስልምናም ሕመምተኛዋ ጾሙን ለሌላ ጊዜ እንድታቆየው ይፈቅዳል።

የሜቶትሬክሴት መርፌ የተወጋች ሴት የምግብ ነገሯ ትንሽ ይለያል። ሆርሞኑ እስኪጠፋ ድረስ የፎሊክ አሲድ እንክብል አትውሰድ፣ አልኮል አትጠጣ፣ ሐኪሟን ሳትጠይቅ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ አትዋጥ፤ ከጠንካራ ፀሐይም ትጠበቅ። በመጀመሪያው ሳምንት ሆድ ሊያማት ይችላል። ሕመሙ ከበረታ፣ ከማዞር ወይም ከትከሻ ውጋት ጋር ከመጣ ግን ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

የግብረ ሥጋ ግንኙነትን በተመለከተ ቀዶ ሕክምና ያደረገች ደሙ እስኪቆምና ቁስሏ እስኪድን፣ መርፌ የተወጋች ደግሞ ሆርሞኑ እስኪጠፋ ድረስ ትቆይ። ባሎች ይህን ከእኔ ስሙት፤ እሷ ለመናገር ትቸገራለች። እንቁላል በሁለት ሳምንት ውስጥ እንኳ ሊመለስ ስለሚችል የወር አበባ ሳይመጣ ማርገዝ ይቻላል። ከመርፌው በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ሳይሞላ እርግዝና አይመከርም፤ ከቀዶ ሕክምናም በኋላ ሁለት ሦስት ወር ማረፉ ጥሩ ነው። እስከዚያ የመከላከያ ዘዴ ተጠቀሙ።

የማይታየውም ጉዳት አለ። በአገራችን ሴት ስትወልድ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ይባላል፤ ገንፎው ይገነፋል፣ እልልታው ይቀልጣል። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ለቅሶ ይደረሳል። ከማህፀን ውጪ ያረገዘች ሴት ግን ከሁለቱም የለችበትም። ጠያቂዎቿ “ኦፕራሲዮን ሆነች” ብለው ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ። ትርፍ አንጀቷ እንደወጣ ሰው ቁስሏን ይጠይቃሉ፣ “ዋናው መትረፍሽ ነው” ብለው ይሄዳሉ። እውነት ነው፣ ዋናው መትረፏ ነው። ያቺ ሴት ግን በአንድ ቀን እርጉዝ መሆኗን ሰምታ፣ እርግዝናውን አጥታ፣ ለራሷም ልትሞት ጥቂት ቀርቷት ነበር። እንግሊዝ አገር የፅንስ መጨንገፍ ወይም ከማህፀን ውጪ እርግዝና ባጋጠማቸው ከ600 በሚበልጡ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከአንድ ወር በኋላ 29 በመቶ የሚሆኑት ከከባድ አደጋ የተረፉ ሰዎች የሚታይባቸውን የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶች አሳይተዋል። ከዘጠኝ ወር በኋላም 18 በመቶዎቹን አልለቀቃቸውም። ቅዠት፣ ድንገት መባነን፣ ትንሽ ሆድ ቁርጠት በተሰማ ቁጥር “ሊደገም ነው” ብሎ መርበድበድ፣ እርጉዝ ጎረቤትን ማየት አለመፈለግ፣ እነዚህ ሁሉ ይመጣሉ። ከሳምንታት በኋላም ካልቀነሱ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከሉ፣ በሕይወት መኖር ካስጠላት ሕክምና ያስፈልጋታል። በሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች አሉ፤ ጸሎትና ጸበል የያዛችሁም ሁለቱን አብራችሁ ማስኬድ ትችላላችሁ።

ምን እንበላት? ብዙ ንግግር አያስፈልግም። “ልጅ አጥተሻል፣ እግዜር ያጽናሽ” ብሎ አጠገቧ መቀመጥ ብዙ ነው። “ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ” የሚለውን ለጊዜው ብንተወው ይሻላል። ባልየውም ኀዘንተኛ ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ ፈርሞ፣ ደም ፈልጎ፣ ገንዘብ ተበድሮ ያደረ ሰው ነው፤ ማንም “አንተስ እንዴት ነህ?” አይለውም።

ከሁሉ ይልቅ ቤት የሚያፈርሰው “አንድ ቱቦ ያላት አትወልድም” የሚለው ወሬ ነው። ሐሰት ነው። በአንድ ቱቦ ማርገዝ ይቻላል፤ በተወገደው ቱቦ በኩል የወጣችን እንቁላል እንኳ የቀረው ቱቦ ሊቀበላት ይችላል። ከዚህ ሕመም በኋላ ለማርገዝ ከሚሞክሩ ሴቶች 65 በመቶ ያህሉ በ18 ወር ውስጥ ማህፀናቸው ውስጥ ያረግዛሉ። ሁለቱም ቱቦዎቿ የተወገዱባት ሴት እንኳ እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጪ ተገናኝተው ወደ ማህፀን በሚገቡበት ሕክምና ልትወልድ ትችላለች። ይህ ሕክምና አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅም ይሰጣል። ዋጋውና ወረፋው ለሁሉም ቀላል ነው አልልም።

የመደገም ነገርስ? አንድ ጊዜ የደረሰባት ሴት ቀጣዩ እርግዝናዋም ከማህፀን ውጪ የመሆን ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የወር አበባዋ እንደቀረ የሽንት ምርመራ ታድርግ። ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ሳምንት ላይ በአልትራሳውንድ ትታይ፤ “አራት ወር ሲሞላኝ ክትትል እጀምራለሁ” አትበል። ለሚያያት ባለሙያ ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣትን ያቺን ወረቀት ታሳየው። አልትራሳውንዱ ጽንሱን ማህፀን ውስጥ ካሳየ ከዚያ በኋላ ክትትሏ እንደ ማንኛዋም እናት ይሆናል።

አድማጮቼ፣ የደም ዓይነታቸው ኔጌቲቭ የሆነ እናቶችን ጉዳይ ዛሬ ነካ አድርጌ ነው ያለፍኩት። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት በሰፊው እንመለስበታለን። እስከዚያ የደም ዓይነታችሁን የማታውቁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አስመርመሩ። ደህና ሰንብቱ።

(የመውጫ ሙዚቃ)